«ኔትወርክ የለም» በፈረንሳይኛ እንዴት ይባላል?

በወላይታ ሶዶ፥ ከዳሞት ተራራ ግርጌ፥ ከተማሪውም ከመንግሥት ሠራተኛውም አፍ የማትጠፋ አንዲት አነጋገር አለች፤ ይህችውም «ኔትወርክ የለም» የምትባለው ናት። ፈረንሳዮችም ይህንኑ ሲሉ «ኢ ያ ፓ ደ ሬዞ» ይላሉ። «ሬዞ» በጥንት ትርጕሙ ትንሽ መረብ ማለት ነው። እኛም ኢንተርኔትን «መረብ» እያልን እንጠራው የለምን?

«ፈረንሳይኛ ለሶዶ ልጅ ምን ያደርግለታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ሩቅ አይደለም። ኢንተርኔት ከባሕር ወደ አገራችን ከሚገባባቸው በሮች አንዷ ጅቡቲ ናት፤ በዚያም ፈረንሳይኛ የመንግሥት ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በዚያው በር ነበር፤ «ለገሃር» የምንለው ስምም ባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» የመጣ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲቋቋም ለሁለት ዓመት ያህል አመራሩን የያዙት ከፍራንስ ቴሌኮም የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ሌላው ምክንያት ለወላይታ ሰው ከዚህ ይበልጥ ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ በንጉሥ ጦና ላይ በዘመቱ ጊዜ ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ አብሮ ተጕዞ ነበር። በዓይኑ ያየውንም ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳተመ። የቅድመ አያቶቹ መከራ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ሳለ የልጅ ልጅ ሊያነበውና ሊመረምረው አለመቻሉ ያሳዝናል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» በሚባለው የመረብ ገጹ እጅግ ብዙ የጥንት መጻሕፍትን በነፃ ያስነብባል። ነገር ግን የሚጠቀመው ቋንቋውን ያወቀና መረቡ ያልተቋረጠበት ሰው ነው።

እንግዲህ ከዕለት ችግራችን እንጀምር። መሥመሩ ሲንቀራፈፍ «ላ ኮኔክሲዮን ኤ ላንት» ይባላል። ሲቆራረጥ «ሳ ኩፕ» ማለት ይበቃል። ካርድ ያለቀበት ሰው «ዤ ኔ ፕሉ ደ ክሬዲ» ይላል። በየቢሮው የምንሰማው «ሲስተም የለም» ደግሞ «ለ ሲስቴም ኤ ታን ፓን» ይሆናል። ዋይፋይን ፈረንሳዮች «ዊፊ» ይሉታል፤ የይለፍ ቃሉን ለመጠየቅ «ኬል ኤ ለ ሞ ደ ፓስ?» ማለት ነው። «ሞ ደ ፓስ» ቃል በቃል የማለፊያ ቃል ነውና ከአማርኛው አይርቅም። በስልክ «ይሰማዎታል?» ሲሉ «ቩ ማንታንዴ?» ይበሉ። «ቩ» እንደ «እርስዎ» የአክብሮት ነው፤ ለጓደኛ ግን «ቱ ማንታን?» ይባላል።

በአነጋገር በኩል የአማርኛ ተናጋሪ አይቸገርም፤ «ዠ»ን ከፊደሉ ያውቃታልና። የ«ፕሉ» መጨረሻ ግን ጥቂት ልምምድ ይፈልጋል፤ ከንፈርን «ኡ» እንደሚሉ አሞጥሙጦ «ኢ» ማለት ነው። በወላይትኛ የተማረ ልጅ የላቲን ፊደል ከትምህርት ቤት ያውቃል። ይሁን እንጂ ይጠንቀቅ፤ በወላይትኛ «ጥ» ሆኖ የሚነበበው «ኤክስ» የተባለው ፊደል በፈረንሳይኛ ሌላ ድምፅ አለው፤ በቃል መጨረሻም ብዙ ጊዜ አይነበብም።

በየቀኑ አንዲት አነጋገር የያዘ ሰው በወር ሠላሳ ያውቃል። መረቡ ሲመለስ ፈረንሳዮች «ሳ ማርሽ» ይላሉ፤ «ይሠራል» ማለታቸው ነው፤ ቃል በቃል ግን «ይራመዳል» ማለት ነው። እኛም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ትምህርቱም እንዲሁ ነው።