የአዋሽ ዳር ግጦሽ ባዶ መሬት አልነበረም

«የተንዳሆ ጥጥ እርሻ የተተከለው ባለቤት በሌለው መሬት ላይ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ጅቡቲ ከተማም ይደጋገምብኛል። እንደ ሕግ ባለሙያ መልሴ አይደለም ነው። እ.ኤ.አ. የ1955ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 ግጦሽን የመንግሥት ይዞታ ስላደረገው፣ እርሻውን የተከለው የእንግሊዙ ኩባንያ ሚቸል ኮትስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲገባ አርብቶ አደሩ አፋር በወረቀት አልተመዘገበም እንጂ መሬቱ ላይ ነበር። አዋሽ ሞልቶ ሲጎድል የሚበቅለው ሣር በበጋ ከብቱን የሚያቆይለት ነው። ጥጡ ይህን ወሰደበት፤ መንጋውን ማሳ ውስጥ እየነዳ ተቃወመ፤ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅም መሸሻ ባጣበት ደርሶ ክፉኛ ጎዳው።

ሥራ ተፈጥሯል ትላላችሁ፤ እውነት ነው፣ ለቃሚው ግን በአብዛኛው ከደጋ የመጣ ነበር። የአፋሩ ሱልጣን አሊሚራህም ጥጥ ያመርቱ ነበር፤ የባላባት ትርፍ ግን የአርብቶ አደሩን ሣር አይተካም። የዛሬው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(5) ግን አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእርሻ ውል ሲፈረም ይህን አንቀጽ ጠቅሳችሁ ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ከሥር ጻፉልኝ።