ሎከር፦ የአዳሪ ተማሪ ጓዳ

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ባደግሁበት ቤት፣ ታላቅ እህቴ አንድ ቀን ማታ የሳሎኑ ወለል ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን ሣለች። ወርዱ አንድ ክንድ አይሞላም። እሷ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ምደባ ወጥቶልኝ ለመጀመሪያው ጉዞዬ እሰናዳለሁ። እናቴ የገዛችልኝ፣ አክስቶቼ ያመጡልኝ፣ ጎረቤት የሸለመኝ ሁሉ አልጋው ላይ ተከምሯል።

«በል፣ ሎከርህ ይቺ ናት» አለችኝ እህቴ። «እዚህ ውስጥ የማይገባ ነገር አይሄድም።»

«ጋቢውማ ይሄዳል!» አለች እናቴ።

«ይሄዳል እማዬ። የሚቀረው ብርድ ልብሱ ነው።»

በአጠና ተራ ሰው አጠና የሚገዛው የአጥሩንና የግድግዳውን ልክ አስቀድሞ ይዞ ነው። እህቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ዕቃውን ከመቁጠሯ በፊት ቦታውን ለካች። ስለ ዶርም ሎከር ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነገር ሁሉ ከዚያች የጠመኔ መስመር የሚመነጭ ይመስለኛል።

ሎከር ማለት በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ለተማሪ የሚሰጥ፣ ከላሜራ ወይም ከእንጨት የተሠራ ጠባብ ቁም ሳጥን ነው። በአንድ ክፍል አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ልጆች ያድራሉ። አልጋው ተደራራቢ ነው፤ ጠረጴዛው የጋራ፣ አምፖሉ የጋራ፣ ሶኬቱም የጋራ ነው። ቁልፍ ያለው ሎከሩ ብቻ ነው። መታወቂያ፣ ከቤት የተላከ ገንዘብ፣ የውስጥ ልብስ፣ የእናት ፎቶ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጓዳ ያልኩትም ለዚህ ነው። ደግሞ በነጻ የተሰጠ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግብና የመኝታ ወጪ በውሉ ውስጥ አለ፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍለዋል።

አዳሪነት ለእኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም። ከኮልፌ ብዙ የማይርቀው ጄኔራል ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች ያድሩበት ነበር። ዛሬ ጉዞው ወደ ሌላም አቅጣጫ ሆኗል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ስለሆኑ የኮልፌ ልጅ ሰመራም፣ ጅማም፣ ጎንደርም ሊደርሰው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ስለጀመረ፣ ብዙ ልጅ ዶርምን ገና ሳይመደብ በፈተናው ሰሞን ያየዋል። ያኔ ግን የሚያድረው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ሎከር የሚፈትነው ወራት ሲቆጠሩ ነው።

አማርኛው «ቁም ሳጥን» ሲል ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል፤ የቆመ ሳጥን ነው። ችግሩም ያው ነው። ብዙ ሎከር በውስጡ አንድ መደርደሪያ ብቻ አለው፤ ከዚያ በታች ያለው ባዶ ነው። ልብስ ሲጨመርበት ይከመራል። ሸሚዝ ፈልገህ ከመሐል ስትስብ የላዩ ሁሉ ይናዳል፤ በሳምንቱ የታጠበውና ያልታጠበው ይደባለቃል። በመስቀያ ልስቀል ብትል ደግሞ፣ በመስቀያ የተንጠለጠለ ኮት በምቾት እንዲገባ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሎከር ይህን ያህል ጥልቀት የለውም። ልብሱ በአግድም ይጣመማል፣ በሩም አልዘጋ ይላል።

መፍትሔው ሱቅ በር ላይ ተቆልሎ የሚገኘው ካርቶን ነው። የሳሙና ካርቶን ከሌላው ይጠነክራል፤ ክብደት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነውና። ክዳኖቹን ወደ ውስጥ አጥፈህ፣ አፉን ወደ በሩ አዙረህ በጎኑ ስታስተኛው መደርደሪያ ይሆናል። ሁለቱን ደራርበህ በሲባጎ ስታስራቸው ባለ ሁለት እርከን ይሆናሉ። ምስማር ግን አትምታ። ዓመቱ ሲያልቅ የመኝታ ሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ክፍሉን አይቶ ነው የመልቀቂያ ቅጹ (ክሊራንስ) ላይ የሚፈርመው፤ የተበሳ ሎከር ያስከፍላል።

ቲሸርትና ሸሚዝ ጠቅልለህ ወይም አጥፈህ እንደ መጽሐፍ በጎናቸው አቁማቸው። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ በዓለም የታወቀችበት አስተጣጠፍ ይኸው ነው። ጥቅሙ ለዶርም የተሠራ ይመስላል፤ አንዱን ስትመዝ ሌላው አይናድም፣ ያለህንም ሁሉ በአንድ ዕይታ ታያለህ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ቦታ አይመችም፤ ቀን ቀን ትራስጌ ላይ ተጣጥፎ ይዋል። እርሱን ሎከር ውስጥ ማስገባት የሌላውን ሁሉ ቦታ መንጠቅ ነው።

ከታች ጫማና ሳፋ ይቀመጣል። ወለሉ በውኃ ሲታጠብ እርጥበት ወደ ሎከሩ እግር ስለሚዘልቅ፣ ካርቶኑ ሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ። ደብተርና ሀንድአውት ከዚያ በላይ፣ የዕለት ልብስ በዓይን ትክክል፣ የበዓል ልብስ ከሁሉ በላይ ይሁን። ጅማ የተመደበ ልጅ እርጥበትን ይፍራ፤ ያልደረቀ ካልሲ አንድ ሌሊት ቢቆለፍበት ጠዋት ሎከሩ በሙሉ ይሸታል፤ ሲደጋገምም ይሻግታል። ሰመራ የተመደበ ደግሞ የኮልፌን ብርድ እያሰበ የሸከፈውን ሹራብ ከጠመኔው መስመር ውጭ ይተወው፤ ለመንገዱ አንድ ይበቃዋል።

ስንቁን ለብቻ ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሴሚስተር እናቴ የሰጠችኝን በሶ በፌስታል ቋጥሬ ከልብስ ሳሙናው አጠገብ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ሳምንት ስበጠብጠው ሳሙና ሳሙና አለኝ። የተፈጨ እህል ሽታ ይስባል፤ ፌስታልም ሽታ አያግድም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ሆነው ላይኛው እርከን ላይ፣ ሳሙናና የፀጉር ቅባት ታች ይሁኑ። በረሮም እንዲሁ ይርቃል። ለብል ተብሎ የሚጣለው ናፍታሊን ግን ምግብ ባለበት ሎከር ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ትነቱ መርዛማ ነው።

ፌስታልን የምጠላው በሌላም ምክንያት ነው። ለፈተና ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሣ ልጅ በጨለማ ፌስታል ሲያንኮሻኩሽ አምስት ሰው ይቀሰቅሳል። እናቴ በሁለተኛው ዓመት ከአሮጌ አንሶላ አራት የጨርቅ ከረጢት ሰፋችልኝ፤ አንዱ ለውስጥ ልብስ፣ አንዱ ለካልሲ፣ አንዱ ለቻርጀርና ለገመዳ ገመድ፣ አንዱ ለሚታጠበው። እጄ በጨለማ የቱ የቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። የላሜራው በር ሲጮህ ደግሞ ማጠፊያውን በሻማ አሸት አሸት ማድረግ ይበቃል። በጋራ ክፍል ውስጥ ሎከር ማደራጀት ማለት በዋናነት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላውን ሳትረብሽ የራስህን ማግኘት።

ሁለት ቁልፍ ይኑርህ። የአጋማሽ ፈተና ዋዜማ ቁልፌ ጠፋብኝ፤ መታወቂያዬ ተቆልፎበታል። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ ሌሊት የብረት መጋዝ ለምኖ አምጥቶ ጓጉንቸሩን እስኪቆርጥልኝ ድረስ ሌሎቹ ተራ በተራ ስልካቸውን እያበሩ ቆሙልኝ። ማንም አላማረረም። ከዚያ በኋላ መለዋወጫውን ቁልፍ ለእርሱ ሰጠሁት፤ እስክንመረቅ ድረስ በእጁ ነበር።

አንዳንድ ልጅ ሎከሩን መቆለፍ ንፍገት ይመስለዋል፤ በተለይ ቤቱ በር ክፍት ሆኖ የሚውል ልጅ። ንፍገት አይደለም። እኛ ክፍል የዳቦ ቆሎው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ የቀረው በየጓዳው ይቆለፋል። የሚበላው የጋራ፣ የሚቆለፈው የግል መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ በአራት ዓመት ውስጥ በዕቃ የተጣላ ሰው አላስታውስም።

ዘንድሮ ልጅ የምትልኩ ወላጆች፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ግቢ የሚማር ሰው ፈልጋችሁ የሎከሩን ወርድና ጥልቀት ጠይቁ፤ ከዚያም ወለል ላይ በጠመኔ ሣሉት። ተመራቂዎችም፣ ክሊራንስ ጨርሳችሁ ስትወጡ ያሰራችሁትን ካርቶን አትጣሉት፤ ካልረጠበና ካልሻገተ አራግፋችሁ እዚያው ተዉት። በአዲሱ የትምህርት ዓመት ሻንጣውን ይዞ በዚያ በር የሚገባ ፍሬሽማን አለ።