የአጥቢያ መዝገብና የቤተሰብ ታሪክ

አንዲት እማሆይ ወላጆቹን ያጣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው በአማኑኤል ከተማ ወደምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጡ። ልጁ መቼ እንደ ተወለደ ብንጠይቃቸው፥ «በዘመነ ሉቃስ፥ በጥር አማኑኤል ክርስትና ተነሣ» ከማለት በቀር ሌላ አላወቁም። ልጁ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበርና ዓመቱን በባሕረ ሐሳብ ፈለግነው። በ2011 ላይ 5500 ሲጨመር 7511 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 3 ሲተርፍም ዘመኑ ሉቃስ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይጠመቃልና ከጥር 28 ወደ ኋላ ብንቈጥር ታኅሣሥ 19 ላይ ደረስን። እማሆይም፥ «እንግዲያስ በገብርኤል ዕለት ነዋ!» ብለው ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

የዚህ ልጅ ልደት ተጽፎ የነበረው በአያቱ ልብ ብቻ ነው። እርሳቸው ቢያልፉ ኖሮ ማን ይነግረው ነበር?

አባቶቻችን ግን መዝግቦ የማኖርን ጥቅም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የጉልቱን ስጦታ፥ የርስቱን ሽያጭና ውርስ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። በጽሑፉም የዘመኑ ወንጌላዊ፥ የገዢው፥ የአለቃውና የምስክሮቹ ስም ይገኛል፤ በመጨረሻም አፍራሹ እንዳይደፍር ግዝት ይታተምበታል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ከደከሙለት ከሞጣ ጊዮርጊስ የተገኘው መዝገብ እስከ ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት የሚመረምሩት ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ባደረገ ጊዜ የእነዚህ ጽሑፎች የርስት ማስረጃነት ቀረ። ስለዚህ «እንግዲህ ምን ይረባሉ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እንመልሳለን፤ መሬቱ ቢቀር ስሙ አልቀረም። ገዢና ሻጭ፥ ዋስና ምስክር ሆነው የቆሙት ወንዶችና ሴቶች የእኛው ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከዚያ መስመር በቀር ሌላ መታሰቢያ የላቸውም።

ብራናን ውኃ፥ ምስጥና እሳት ያጠፉታል። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ፎቶግራፍ ያልደረሰበት ዕቃ ቤት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ገበዙና ሰበካ ጉባኤው መጽሐፉን ከእርጥበት ይጠብቁት፤ ከቦታው ሳያወጡም ያስገልብጡት።

ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለበት። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. የተጀመረው የልደት ምዝገባ በመንግሥት ይካሄዳልና ልጁን በቀበሌው ማስመዝገብ ተገቢ ነው። ከዚያም በቤቱ ባለው ዳዊት ወይም መጽሐፍ ቅዱስ ባዶ ገጽ ላይ የተወለደበትን ቀን፥ የክርስትና ስሙንና የክርስትና አባቱን ስም መጻፍ አንድ ብዕርና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል። እማሆይም ወደ ቤታቸው ከመመለሳቸው በፊት ይህንኑ በዳዊታቸው ላይ እንድንጽፍላቸው ለመኑን፤ እኛም ልጁ እያየ ጻፍንላቸው።