ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ስለ ፓራሹትና ስለ ይሉኝታ

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ያገሬ ልጅ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ያቺን ትንሿን ፓራሹትዎን ይሽጡልኝ» አለኝ። የሰጠኝም ዋጋ ጥሩ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ፓራሹቷን ከቁም ሣጥን ውስጥ ካስገባኋት አሥር ዓመት አልፏል፤ አልነካትም። ይሁን እንጂ እንቢ አልኩት። ልጁም ተቀየመኝ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ የሱ ቅያሜ ናት። በስልክ ያልጨረስኩለትን ነገር እዚህ ባሰፍረው ለሱም፣ «ልጄ ከአውሮፕላን ካልዘለልኩ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ለሚሉ ወላጆችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ራሴን ላስተዋውቅ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። መተዳደሪያዬ ከዝላይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቅዳሜና እሑድ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ነድቼ ከአንዲት ትንሽ አየር ማረፊያ እሄድና ከአውሮፕላን እዘላለሁ። እስካሁን ከስድስት መቶ ጊዜ በላይ ዘልያለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ መጀመሪያ ስነግራት «ደግሞ በሰው አገር አየር ወለድ ሆንክ?» ብላኝ ነበር። ለሷ ዘመን ሰው ፓራሹት ማለት ወታደር ማለት ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ባይከፈትስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛሬ በዝላይ ሜዳ ብዙውን ሰው የሚጎዳው ያልተከፈተ ፓራሹት አይደለም። ይህን ለመረዳት ትምህርቱና መሣሪያው ምን እንደሚመስሉ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ብቻ ዘልሎ ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ሰው ከአሠልጣኙ ደረት ጋር ታስሮ ይወርዳል። ብቻውን መዝለል የሚፈልግ ግን መጀመሪያ አንድ ሙሉ ቀን ያህል መሬት ላይ ይማራል። ከዚያም ከ13,000 ጫማ (4,000 ሜትር) ገደማ ሁለት አሠልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውት ይወጣሉ። ፓራሹቱ እስኪከፈት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ፍጥነቱ በሰዓት 120 ማይል ገደማ ስለሆነ ነፋሱ ጆሮ ይደፍናል፤ መነጋገር የለም። አሠልጣኙ በጣቱ ምልክት ይሰጣል፦ እግርህን ዘርጋ፣ ወገብህን ስበር፣ ከፍታህን እይ። ተማሪው 5,500 ጫማ ገደማ ሲደርስ ራሱ ስቦ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ በራስ ቁሩ ውስጥ ባለች ሬዲዮ ከመሬት እየመሩ ያሳርፉታል።

ከሁሉ በላይ ደጋግሞ የሚያጠናው የመከራ ቀኑን ነው። ዋናው ፓራሹት ተጠማዝዞ ወይም ተቀዶ ከወጣና ሊስተካከል ካልቻለ፣ ተማሪ 2,500 ጫማ ላይ ሳይደርስ መወሰን አለበት። በቀኝ ደረቱ በኩል ያለውን እጀታ ይስብና የተበላሸውን ከትከሻው ያላቅቃል፤ ቀጥሎ በግራ ያለውን ይስብና መጠባበቂያውን ይከፍታል። ይህን ማሰሪያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ተኝቶም ተነሥቶም፣ እጁ ራሱ እስኪያስታውሰው ድረስ ይለማመዳል። 25 ጊዜ ዘልሎ ፈተናውን ሲያልፍ የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር የመጀመሪያውን ፈቃድ ይሰጠዋል። ቀጣዮቹ ፈቃዶች 50፣ 200 እና 500 ዝላይ ይጠይቃሉ።

መሣሪያውም እንደዚሁ የተጠና ነው። በአንድ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ፓራሹት አለ። ዋናውን ባለቤቱ ራሱ ያጥፈዋል። መጠባበቂያውን ግን ማጠፍ የሚችለው ከመንግሥት የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱም ተጠቅመንበት ባናውቅ እንኳ በየ180 ቀኑ ፈትቶ፣ መርምሮ፣ እንደገና ያጥፈዋል። ዋናውን ከትከሻ የሚያላቅቁትን ሦስት ቀለበቶች ቢል ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ የፈለሰፋቸው ናቸው። ከ1991 ወዲህ ደግሞ ሳይፕረስ የተባለው የጀርመን መሣሪያ አለ። ለልምድ ባለቤቶች የተሠራው፣ ሰውየው ራሱን ስቶ ወይም ከፍታውን ረስቶ 750 ጫማ ገደማ ላይ ገና በፍጥነት እየወደቀ ከሆነ፣ መጠባበቂያውን በራሱ ይከፍትለታል።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዝላይ የሚሞተው ሰው በአማካይ በዓመት ከ40 በላይ ነበር። በ2023 ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ዝላይ ተዘልሎ የሞቱት 10 ናቸው። ታዲያ ያው ቢል ቡዝ ያስተዋለው ሌላ ነገር አለ፦ መሣሪያው በተሻሻለ ቁጥር ሰውም የዚያኑ ያህል ይደፍራል ይላል። እውነት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ የሚሞቱትና የሚሰበሩት ያለ አንዳች እንከን በተከፈተ ፓራሹት ሥር ነው።

እንዴት? የዛሬው ፓራሹት እንደ ድሮው ክብ ጃንጥላ ዝም ብሎ የሚያወርድ ሳይሆን ክንፍ ነው፤ ወደፊት ይበራል። መሪውን በአንድ ወገን ጠንከር አድርገው ሲስቡት ይዞርና አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል። ተመልሶ ቀጥ እስኪል ድረስ ከፍታ ይበላል። ፓራሹቱ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ስሕተትም ይቅር አይልም። ስለዚህ ስሌቱ ይህ ነው፦ የሰውየው ክብደት ከነትጥቁ በፓውንድ ተወስዶ ለጨርቁ ስፋት በካሬ ጫማ ይካፈላል። 165 ፓውንድ የሚመዝን ሰው 25 ፓውንድ ትጥቅ ቢጨምር 190 ይሆናል። በ190 ካሬ ጫማ ፓራሹት ሥር ከሆነ ስሌቱ አንድ ለአንድ ነው፤ ጀማሪ ከዚህ እንዳያልፍ ይመከራል። ያው ሰው 135 ካሬ ጫማ ሥር ሲሆን 1.4 ይደርሳል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ሰማይ ላይ ግን የጭነት አህያና የጉግስ ፈረስ ያህል ይለያያሉ።

ልጁ ሽጡልኝ ያለኝ ያቺን 135 ነው። የዘለለው 60 ጊዜ ነው፤ ክብደቱም ከኔ እኩል ነው።

ያቺን ፓራሹት እኔ የገዛኋት በ2014 ነው። ያኔ 140 ጊዜ ያህል ዘልዬ ነበር፤ ሁሉን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ይዣት በመጣሁበት ቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የዘለሉ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ሰው በተሰበሰበበት «ይህ ላንተ ገና ነው፤ አትዝለልበት» አሉኝ። ልቤ ቆሰለ። «ሐበሻ ስለሆንኩ ንቀውኝ ነው» አልኩ በሆዴ። በስደት ያለን ሰዎች ይህን ስሜት እናውቀዋለን፤ አንዳንዴም ትክክል ነን። ያን ቀን ግን ተሳስቼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ላርፍ ስል ሌላ ዘላይ በፊቴ አቋረጠ። ደንግጬ አንዱን መሪ እስከ ታች ሳብኩት። ፓራሹቱ ዞረ፣ ደፋ፤ ቀጥ ከማለቱ በፊት መሬት ቀደመችው። ግራ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሮጠው መጀመሪያ የደረሱት እኒያው ሽማግሌ ናቸው። «ብዬህ ነበር» ይሉኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያሉኝ «አንገትህን አታንቀሳቅስ» ብቻ ነው፤ አምቡላንስ እስኪመጣ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበርክከው ቆዩ። መኪናዬን ቤቴ ያደረሱልኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ በተራ ምግብ ያመላለሱልኝ የሜዳው ሰዎች ናቸው። ዕድር ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሁሉ ቢራ በካርቶን ይገዛል፤ የሚጠጣው ግን የመጨረሻው አውሮፕላን ካረፈ በኋላ ነው። መጠባበቂያው ያዳነው ሰው ላጠፈለት ባለሙያ አንድ ጠርሙስ መጠጥ ይዞ ይሄዳል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ሃያ ጊዜ እንኳ ያልዘለለች ልጅ ሺህ ጊዜ የዘለለውን ሰው «የደረትህ ማሰሪያ በትክክል አልገባም» ስትለው አይቻለሁ። ሰውየው አላፈረም፣ አልተቆጣም፤ አመስግኖ አስተካከለ።

እኛ ዘንድ ቢሆንስ? «ምን አገባኝ፣ ይቀየመኛል» እንል ነበር። ይሉኝታ ጨዋነታችን ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በሰው ነፍስ ላይ ሲመጣ ጨዋነት መሆኑ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር የሜዳውም ሰው ንጹሕ አይደለም። ያስቸኮለኝም ያው ሜዳ ነው፤ በትንሽ ፓራሹት ሣሩን እየቧጨረ በፍጥነት የሚያርፈውን ሰው ስናይ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ያ የጭብጨባ ድምፅ ነው ልጁንም የጠራው።

እንግዲህ ለልጁ የምለው ይህ ነው። ያገለገለ፣ ሰፊ ፓራሹት ግዛ፤ አንድ ለአንድ ይብቃህ። መጠባበቂያውም አይነስብህ፤ የምትጠቀምበት ቀን ተጎድተህ ወይም ዛፍ መካከል ልታርፍ ትችላለህና። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይመርምርልህ። ስለ ፓራሹት አነዳድ ብቻ የሚሰጠውን ትምህርት ውሰድ። ሁለቱንም መሪ ግማሽ ድረስ ስበህ ሳትደፋ መዞርን ከፍታ ላይ ሆነህ ተለማመድ። ወደ መሬት ስትቃረብ ነፋሱ ከኋላህ ቢሆንም እንኳ ቀጥ ብለህ እረፍ፤ ተንከባልሎ ልብስ ማቆሸሽ ይሻላል። በቀነስክ ቁጥር አንድ ደረጃ ብቻ ቀንስ፤ ከመቀነስህም በፊት የሚያውቅህን አሠልጣኝ ጠይቅ። እንቢ ካለህ ጠላትህ አይደለም።

ልጁ በመጨረሻ አንድ ያገለገለ 190 ገዛ። ያሳመንኩት እኔ ልሁን ሌላ ሰው አልጠየቅሁትም። ሜዳ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው እስካሁን ቀዝቃዛ ነው፤ «ጋሼ» ማለቱንም ትቷል። ይሁን። ቅዳሜ ዕለት ያችን ሰፊ ጨርቁን ታቅፎ በሁለት እግሩ ከሜዳው ሲመለስ ከሩቅ አየሁት፤ ለኔ ይበቃኛል።

ቸር ያሰንብተን።