ድርጅት በወንጀል ሲከሰስ

አንድ የባሶ ሊበን ገበሬ ለጤፉ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ሊገዛ ይጁቤ ገበያ ወጣ እንበል። የአንድ ድርጅት ሻጭ፣ ሥራ አስኪያጁ እያወቀ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ቀኑን ፍቆ ሸጠለት። አረሙ አልሞት ብሎ ጤፉን ዋጠው። ተጠያቂው ማን ነው? ሻጩና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው ወይስ ድርጅቱም?

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 34፣ ድርጅትም ይቀጣል ይላል። የንግድ ድርጅት፣ ማኅበር፣ የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት ተቋም በዚህ ውስጥ ይገባል። የመንግሥት አስተዳደር አካላት ግን አይነኩም፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤቱ አይከሰስም፣ ያጠፋው ኃላፊ ግን ይከሰሳል።

ድርጅቱን ለመቅጣት ኃላፊው ወይም ሠራተኛው ወንጀሉን የሠራው ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ መሆን አለበት፤ ያውም ጥቅሙን በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ፣ ግዴታውን በመጣስ ወይም ድርጅቱን መሣሪያ በማድረግ። ከካዝናው ለራሱ የሰረቀ ገንዘብ ያዥ አሠሪውን ወንጀለኛ አያደርግም። በዚያ ላይ፣ ለዚያ ወንጀል ድርጅት እንደሚቀጣ ሕግ በግልጽ መደንገግ አለበት። ብዙ ክስ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የድርጅቱ መቀጣት ደግሞ አጥፊውን ሰው ነጻ አያወጣም።

ድርጅት አይታሰርም፤ ቅጣቱ ገንዘብ ነው። ፍርድ ቤት ከዚህ አልፎ ሊያግደው፣ ሊዘጋው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ከምርጫ 97 በኋላ በተካሄደው ትልቅ ክስ ከጋዜጠኞችና ከፖለቲከኞች ጋር አሳታሚ ድርጅቶችም ተከሰው በገንዘብ ተቀጥተዋል። አንቀጹ በጋዜጣ አሳታሚ ላይ እንዲህ ከሠራ፣ ሕግ ለወንጀሉ ድርጅት እንደሚቀጣ እስከደነገገ ድረስ፣ ገበሬን በሚያታልል የንግድ ድርጅት ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ችግሩ የቅጣቱ መጠን ነው። ወንጀሉ በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ድርጅቱ ቢበዛ 10,000 ብር ይከፍላል፤ ለእጅግ ከባዱ ወንጀል ጣሪያው 500,000 ብር ነው። በ1996 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ዛሬ 10,000 ብር ለድርጅት ያን ያህል የሚያስፈራ ገንዘብ አይደለም። ይህ ጣሪያ መነሳት አለበት።

እስከዚያው፣ ገበሬዎች፣ የገዛችሁትን መድኃኒት ደረሰኝና ዕቃ ሳትጥሉ አስቀምጡ፤ ለፖሊስ ስታመለክቱም የካሳ ጥያቄያችሁ ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ ሊታይ እንደሚችል አትርሱ።