ልብስ በየልኩ፣ ወንበር በአንድ ልክ

የሥራ ቦታ «ለአማካይ ሰው» ከተሠራ ብዙሃኑን ያስማማል የሚለው እምነት ክፉኛ የተፈተነው በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ነው። የአብራሪዎች ክፍል ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚቀረጸው በአማካይ የሰውነት መጠን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ግን በኦሃዮ በሚገኘው ራይት ጣቢያ ከ4 ሺህ በላይ አብራሪዎች ተለኩ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ጊልበርት ዳንኤልስ ለመቀመጫው ንድፍ ይበልጥ የሚያስፈልጉ 10 ልኬቶችን መረጠ። «አማካይ» የሚለውንም አላጠበበም፤ በየልኬቱ መሃል ላይ የሚያርፉትን 30 በመቶ አብራሪዎች ሁሉ አማካይ ብሎ ቆጠረ። እንዲያም ሆኖ በ10ሩም ልኬት አማካይ የሆነ አብራሪ አንድም አልተገኘም። ልኬቶቹ ወደ 3 ሲወርዱ እንኳ መስፈርቱን ያሟሉት ከመቶ 4 አይሞሉም ነበር። እግረ ረጅሙ ክንደ አጭር፣ ቁመተ መካከለኛው ትከሻ ሰፊ ይሆናል። ስለዚህ አየር ኃይሉ ለአማካይ ሰው መቅረጽን ትቶ ወንበሩ፣ የእግር መርገጫውና የራስ ቁሩ ማሰሪያ እንዲስተካከሉ አደረገ።

ይህ ትምህርት ከአብራሪዎች ይልቅ በስፌት መኪና ፊት ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡትን ይበልጥ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ስፍራዎች ከሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከፍታው የማይቀየር ጠረጴዛ አጭሯን ትከሻዋን ያሰቅላታል፤ ረጅሟን አንገቷን ያስደፋታል። ወንበሩ ከፍ ካለ እግር ይንጠለጠላል፤ የመቀመጫው ጠርዝም ጭኗን ከሥር ይጫናል። ባለሙያዎች የሚከተሉት መርህ ግልጽ ነው፦ እጅ ሊደርስበት የሚገባው ሁሉ በአጭሩ ሰው ክንድ ይለካል፤ እግርና ጉልበት የሚያልፍበት ክፍተት በግዙፉ ሰው ይለካል፤ የቀረው እንዲስተካከል ይደረጋል።

አንዳንዶች «ለቦታው የሚስማማ ሠራተኛ መቅጠር ይቀላል» ይላሉ። አየር ኃይሉ ራሱ ይህን ሞክሯል፤ አብራሪ ለመሆን ከ163 እስከ 196 ሴንቲ ሜትር ግድም ቁመት ይጠይቅ ነበር። ብዙ ሴቶችን ከበር የሚመልሰውን ይህን መነሻ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2020 አነሳው። በቁመት መምረጥም ቢሆን ችግሩን አይፈታም፤ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች የእግርና የክንድ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው፤ ቀላል የሚባልም አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንበሮችን በአንድ ጊዜ መቀየር ለፋብሪካ ከባድ ነው። ነገር ግን የእግር ማሳረፊያ ከእንጨት ይሠራል፤ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ በእግሩ ሥር ጠንካራ መደገፊያ ገብቶለት ከፍ ይላል፤ ከፍታው የሚስተካከል ወንበርም አሮጌው ሲተካ ቀስ በቀስ ሊገባ ይችላል። ወገቧ የታመመ ሠራተኛ ስትቀር፣ የለመደች ሰፊ ስትለቅና አዲስ ስትሠለጥን የሚወጣውስ? እሱም ወጪ ነው፤ ልዩነቱ በወንበር ግዢ ደረሰኝ ላይ አለመታየቱ ነው። በእርግጥ የሚስተካከል ወንበር ማንም ካላስተካከለው ጥቅም የለውም። ስለዚህ በፈረቃ ሠራተኛ በተቀያየረ ቁጥር አስተካክሎ መቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ሥልጠና ውስጥ መካተት አለበት።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራው ሂደት ከሚያስከትላቸው አካላዊ፣ ኬሚካላዊና ሥነ ልቦናዊ አደጋዎች ጎን ለጎን ከኤርጎኖሚክስ፣ ማለትም ሥራው ከሰውነት ጋር ካለመጣጣሙ ከሚመጣ፣ አደጋም ሠራተኛውን እንዲጠብቅ ያዛል። የጎደለው ይህን ቃል ወደ ሜትር መለኪያ ማውረድ ነው። የሥራ ተቆጣጣሪው የእሳት ማጥፊያውን እንደሚያይ ሁሉ የወንበሩንም ከፍታ ይመልከት፤ የግዢ ክፍሉም የሚስተካከልበትን መጠን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ይጻፍ፤ ሠራተኞቹም ከግዢው በፊት ተቀምጠው ይሞክሩት። ልብስን በየልኩ መስፋት የሚችል ኢንዱስትሪ ለሰፊዎቹ ልክ መንሳቱ የአቅም ሳይሆን የትኩረት ጉድለት ነው።