የተከዜ እሳት
ክፍል 4

ካለፈው የቀጠለ፦ በአየር ኃይል አውሮፕላን ላይ ቦንብ የሚያስረው ወጣት ከአስመራ በፈቃድ አይከል ገብቷል። አያቱ ጉንጩን ስመው ገና ሳይቀመጥ «የምትጭነው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውታል።

ሐምሌ 1980 ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሁሉም ምድጃውን ከቦ ሲሞቅ ሽማግሌው ብቻ ግድግዳውን ተጠግተዋል። ከሽሬ ከተመለሱ ወዲህ እሳት ዳር ተቀምጠው አያውቁም።

«ቦንብ ነው፣ አባባ።»

«የሚያቃጥለውንም?»

ወጣቱ ዝም አለ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገለጡ። ከማጅራታቸው እስከ ወገባቸው ቆዳቸው ተኮማትሮ ተጣብቋል።

«በ1928 የካቲት ላይ ከደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ጋር ከሽሬ ስናፈገፍግ የጣሊያኑ አዛዥ የባዶሊዮ አውሮፕላን ተከዜ መሻገሪያው ላይ ደረሰብን። ዱሩን በሙሉ በእሳት ቦንብ ለኮሰው። ወንዙ ከፊታችን ነበር፤ ብዙው ሰው ግን ውሃው ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።»

«የዛሬው ይብሳል፣ አባባ። ናፓልም ይሉታል። እንደ ሙጫ የወፈረ ቤንዚን ነው። ገላ ላይ ከተለጠፈ ሲጠርጉት ይሰፋል እንጂ አይለቅም።»

«ታዲያ ከልካይ ሕግ የለውም?»

«አለው። በ1973 መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ተስማምተዋል። ሰላማዊ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ከአውሮፕላን እሳት መጣል ክልክል ነው። ሶቪየት ለሥልጠና ሄጄ ነው የሰማሁት።»

«ወታደሩስ?»

«ወታደሩን አይከልልም።»

«ዱሩስ?»

«ዱር ማቃጠልም ይከለክላል። ጦር ከተሸሸገበት ግን ይፈቅዳል።»

«እንግዲያ እኔን ዛሬም ያቃጥሉኛል በለኛ!»

ወጣቱ አቀረቀረ። «ሌላም አለ። ሕጉ አገር ከአገር ሲዋጋ ነው። የአንድ አገር ልጆች እርስ በርስ ሲዋጉ አይሠራም።»

«ስማኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ሕጉ አይይዝህ ይሆናል። አንተ ግን ይህን ጀርባ አይተሃል። ከእንግዲህ አላወቅሁም ማለት አትችልም።»

በሩ ተበረገደ። እናቱ በዝናብ እንደራሰች ገባች።

«ወንድምህ አለ! ልጄ በሕይወት አለ!»

ታናሽ ወንድሙ መጋቢት ላይ አፍአበት ስትያዝ እንደወጣ ቀርቶ ነበር።

«አብሮት የተማረከ ልጅ በሱዳን ዞሮ ዛሬ በመተማ ገባ። በዓይኑ አይቶታል። ምርኮኞቹ አውሮፕላን እየፈሩ ቀን ቀን ሸለቆ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተሸሽገው ነው የሚውሉት አለኝ።»

«የትኛው ሸለቆ፣ እማዬ?»

ስሙን ነገረችው። የወጣቱ ስኒ ከእጁ አመለጠ። ያንን ስም ከአስመራ ሳይወጣ በጭነት ማዘዣው ላይ አንብቦታል። ከጎኑ «ናፓልም» የሚል ተጽፎበታል።

ፈቃዱ የሚያልቀው ከነገ ወዲያ ነው። በማዘዣው ላይ ያለው ቀን ግን ነገ ነው።

ይቀጥላል